ፍሬድ ፔሪ፦ ክለቡ ያልወደደው ሻምፒዮን

እንግሊዛዊው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ፍሬድ ፔሪ ከ1934 እስከ 1936 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። አራቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ የዊምብልደንንና የአሜሪካን፣ ሁሉንም በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ነው። በነዚህ ውድድሮች በነጠላ ስምንት ዋንጫ ሰብስቧል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ከመረቡ ማዶ ከሚቆሙት ተጋጣሚዎቹ ይልቅ ያስቸገሩት የገዛ አገሩ የቴኒስ ሹማምንት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፔሪ ግንቦት 1909 በሰሜን እንግሊዝ፣ ስቶክፖርት ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል ፔሪ በጥጥ ፈታይነት ጀምረው፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንቅስቃሴ ውስጥ አድገው የፓርላማ አባል እስከመሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው በጠረጴዛ ቴኒስ ነው፤ በ1929 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ሜዳ ቢዛወርም የጠረጴዛው ጨዋታ ከእጁ አልወጣም። ኳሷ መሬት ነክታ ገና ስትነሳ፣ ከፍታዋን ሳትይዝ፣ እየሮጠ በእጁ አንጓ ይመታታል። ተጋጣሚው ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ያጣል። በዚህ ላይ ትንፋሹ የማያልቅ ነበር፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር የሚደክመው ሌላው ነው።

በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ውድድሮች ክፍት የነበሩት ለአማተሮች ብቻ ነው። አሸናፊው ዋንጫና ክብር እንጂ የገንዘብ ሽልማት አያገኝም፤ በገንዘብ የተጫወተ ሰው ደግሞ ከነዚህ ውድድሮች ይታገዳል። ደንቡ ለስፖርቱ ንጽሕና ሲባል የወጣ ነው ይባል ነበር። ርስትና የባንክ ሒሳብ ላለው ሰው ንጽሕናው ምንም አያስከፍልም። ለጥጥ ፈታይ ልጅ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው።

የፔሪ ታላቅ ዘመን የጀመረው በ1933 ነው። ብሪታንያ ከ1912 ወዲህ ያልቀመሰችውን፣ የአገራት ቡድኖች የሚፎካከሩበትን የዴቪስ ዋንጫ ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ ስትነጥቅ፣ ወሳኙን የመጨረሻ ጨዋታ ያሸነፈው እሱ ነው። በዚያው ዓመት አውስትራሊያዊው ጃክ ክሮፎርድ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ አራተኛውን ለመጨመር ኒው ዮርክ ገባ። በፍጻሜው በምድብ (አንድ ግጥሚያ በሚከፋፈልባቸው ዙሮች) ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ ፔሪ ቀሪዎቹን ሁለት ምድቦች 6 ለ 0 እና 6 ለ 1 ወሰደበት።

በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ በዊምብልደን ፍጻሜ ተገናኙ፤ ፔሪ 6 ለ 3፣ 6 ለ 0፣ 7 ለ 5 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳለ የውድድሩ አዘጋጅ የሆነው የዊምብልደን ክለብ አንድ የኮሚቴ አባል ክሮፎርድን ሲያጽናና ሰማ፤ ዛሬ ያሸነፈው የተሻለው ሰው አይደለም ይለው ነበር። ለሻምፒዮኑ የሚሰጠው የክለቡ አባልነት ክራባትም በእጁ አልተሰጠውም፤ ወጥቶ ሲመለከት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘው። ማንም እንኳን ደስ አለህ አላለውም። ፔሪ ይህን ለብዙ ዓመታት ሲያስታውስ ኖሯል፤ እኔም ብሆን አልረሳውም ነበር። እርግጥ ነው እሱም ትሑት አልነበረም። ሲያሸንፍ መረቡን ዘሎ ያልፍ፣ ተጋጣሚው ጥሩ ኳስ ሲመታ በሽሙጥ ድምፅ ያሞግሰው ነበር። ይህ ሹማምንቱን ያበሳጭ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይወድለት ነበር።

በ1935 እና በ1936 የዊምብልደን ፍጻሜ ያሸነፈው ጀርመናዊውን ጎትፍሪድ ፎን ክራምን ነው። የ1936ቱ ውጤት 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 ሲሆን፣ ጀርመናዊው ገና በመጀመሪያ ላይ ጉዳት ደርሶበት ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ላይ ወጣቱን ዶን በጅን በአምስተኛው ምድብ 10 ለ 8 ከረታ በኋላ አማተርነትን ተሰናብቶ በገንዘብ የሚጫወት ፕሮፌሽናል ሆነ።

በጥር 1937 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ከ17 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት አሜሪካዊውን ፕሮፌሽናል ኤልስዎርዝ ቫይንስን ገጥሞ አሸነፈ። ሁለቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ባደረጉት ተከታታይ ግጥሚያ ግን ቫይንስ 32 ለ 29 በልጦታል። ዊምብልደን በበኩሉ የክብር አባልነቱን ሰረዘበት። ፔሪ የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ አየር ኃይል አገልግሏል። በ1941 ክንዱ ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ ጨዋታውን ክፉኛ ጎዳው።

ዛሬ ብዙ ወጣት ስሙን የሚያውቀው በሸሚዝ ነው። ቲቢ ዌግነር ከተባለ ኦስትሪያዊ የቀድሞ የእግር ኳስ ተጫዋች ጋር መጀመሪያ ላብ የሚጠርግ የእጅ ማሰሪያ ሠርተው ሸጡ፤ በ1952 የቅጠል (ሎረል) ጉንጉን አርማ ያለበትን ሸሚዝ አወጡ። ፔሪ ይፈልግ የነበረው አርማ የሚወዳት ፒፓው ነበረች፤ ዌግነር ግን ሴቶች አይገዙትም ብሎ አስተወው።

አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለው አጥር በዊምብልደን የፈረሰው በ1968 ነው። ክለቡ በ1984፣ ከመጀመሪያው ድል 50 ዓመት በኋላ፣ ለፔሪ ሐውልት አቆመለት። እሱም በሕይወት ኖሮ አይቶታል። በየካቲት 1995 ሜልቦርን ውስጥ በ85 ዓመቱ አረፈ። ከእሱ በኋላ የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ዋንጫ ያነሳ ብሪታንያዊ የተገኘው ከ77 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው፤ አንዲ መሪ። የአሸናፊው ሽልማት 1.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።