ሳያልቅ መጨረስ፦ የሰንጠረዥ ጨዋታ አጨራረስ ከጎንደር ዘመን እስከ ዛሬ

ሰንጠረዥ ሁለት ሰዎች 64 ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ሁለት ጦር አሰልፈው የሚጋጠሙበት፣ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ለዘመናት የተጫወቱት የጦር ጨዋታ ነው። ከዛሬው ቼዝ ጋር አንድ ምንጭ አላቸው፤ ሁለቱም የወጡት በፋርስና በዐረቡ ዓለም ሻትራንጅ ከተባለው ጨዋታ ነው። አውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ንግሥቷንና ቢሾፑን ረጅም ሯጭ አድርጎ ሕጉን ሲለውጥ፣ ኢትዮጵያ የቀድሞውን አካሄድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይዛ ቆየች። ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ግን ዕድሜው አይደለም። አጨራረሱ ነው። በዚህ ጨዋታ ጠላቱን ፈጽሞ ያጠፋ ሰው አያሸንፍም፤ የሚያሸንፈው ጠላቱ ገና አቅም እያለው ንጉሡን መውጫ ያሳጣ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎንደርና ጨዋታው

ሰንጠረዥ ከጎንደር ይቀድማል። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ቤተ መንግሥታቸው ከነበረ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ሠዓሊው ራሱ ተናግሯል። ያኔ ቤተ መንግሥቱ ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወር ድንኳን ነበር። በ1630ዎቹ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ ግን መኳንንቱ፣ ሊቃውንቱና ነጋዴው በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ከ200 ዓመት በላይ የዚያ ስብስብ ማእከል ነበር።

ከተማዋን ከጨዋታው ታሪክ ጋር የሚያስተሳስራት አንድ ሰው አለ፤ እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን። በ1840ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከራስ አሊ፣ በኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ቅርብ ወዳጅነት የመሠረተ ሰው ነው። በ1860 ጎንደር አቅራቢያ ዐመፀኞች አደጋ ጥለውበት ቆሰለ፤ በቁስሉም ጎንደር ውስጥ ሞተ። ማስታወሻው በ1868 ታትሞ ሲወጣ፣ በውስጡ የሰንጠረዥ ሕግ ከነአጨራረሱ በዝርዝር ተጽፎ ተገኘ። ከ100 ዓመት በኋላ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ጨዋታው ሰፊ ጥናት ሲያዘጋጅ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ይኸው ማስታወሻ ነበር። ጎንደር ውስጥ ያረፈ ሰው ባይጽፈው ኖሮ ብዙው ሕግ ከተጫዋቾቹ ጋር ይቀበር ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ ስለ ጦርነቱና ስለ ግብሩ ብዙ ጽፈናል፤ ማታ ማታ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ግን ሕጉን በወረቀት አላስቀመጥንም።

ሰሌዳውና ጠጠሮቹ

ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ቤቶች የሉትም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን በመስመር ብቻ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደሩ እንደ ዛሬው የቼዝ ግንብ በቀጥታ ይሮጣል፤ ፈረሱም እንደምናውቀው ፈረስ ይዘላል። ፈርዙ ሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊሉ ሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሀል ላይ የቆመ ጠጠርም አያግደውም። መደቁ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፣ ሰያፍ ይበላል፣ መጨረሻው መስመር ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ለአጨራረሱ ቁልፍ የሆነ ነገር አለ። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች የሚረግጠው ስምንቱን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት አራቱም ፊሎች የየራሳቸው ስምንት ስምንት ቤት አላቸው፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን መቼም አይበላውም። ፈርዙም ቢሆን ግማሹን ሰሌዳ አያይም። እንዲህ ደካማ በሆነ ሠራዊት ንጉሥ መክበብ ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። አንድ ቤት የተሳሳተ ፊል ያን ስሕተት እስከ መጨረሻው ተሸክሞት ይኖራል።

አከፋፈቱ ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት ጠጠሮቹን ያሰልፋል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ መሆኑ የሚጀምረው። በቃል የሚጠና መክፈቻ ስለሌለ ሁለት ጨዋታ አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም።

የአጨራረሱ ሕግ

በዐረቡ ሻትራንጅ የጠላቱን ጠጠር ሁሉ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ያስቀረ ሰው አሸናፊ ነው፤ ተሸናፊው በሚቀጥለው ተራ እሱንም ብቻውን ማስቀረት ካልቻለ በቀር። በዛሬው ቼዝ ደግሞ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይታደናል፤ ቼክሜትም (መውጫ አጥቶ መሸነፍ) ይሆናል። ሰንጠረዥ ሁለቱንም አይቀበልም። ዋና ጠጠሮቹ (ከመደቆቹ በቀር ያሉት) ሁሉ ተበልተው የቀረ ንጉሥ አይሞትም፤ ጨዋታው አቻ ይወጣል። አንድ ዋና ጠጠር ብቻ አብሮት ሲቀር ቆጠራ ይጀመራል፤ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ መውጫ ካላጣ አጥቂው ድሉን አጣ ማለት ነው።

ይህ ሕግ ጨዋታውን ከሥሩ ይለውጠዋል። እየመራ ያለው ሰው ከመሀል ጨዋታ በኋላ እጁን መያዝ ይጀምራል። ፊት ለፊቱ በነፃ የሚበላ ፈረስ ቆሞ እያየ ያልፈዋል፤ ቢበላው ቆጠራው ይጀመራልና። እየተሸነፈ ያለው ደግሞ የራሱን ጠጠሮች ለመብል ያቀርባል፤ ሠራዊቱ ቶሎ ሲያልቅ ንጉሡ ይድናልና። በሌላ የጦር ጨዋታ ሁሉ ብልጫው ሲሰፋ ፍጻሜው ይታወቃል፣ ተመልካቹም ይበተናል። በሰንጠረዥ ግን ልቡ የሚሰቀለው ያኔ ነው። የሰባቱ ቆጠራ የጨዋታው ምርጥ ክፍል ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ቁጥር እያሰቡ፣ አንዱ ሊያፋጥነው አንዱ ሊቀድመው የሚሽቀዳደሙበት ሌላ የሰሌዳ ጨዋታ አላውቅም።

ከዚህ በላይ አሸናፊው በምን እንዳሸነፈም ይታያል። በደር ወይም በፈረስ የተዘጋ ጨዋታ ድል ነው፣ ግን ሙያ የለውም ይባላል። በፈርዝ ወይም በፊል የተዘጋ ይከበራል። ከሁሉ የሚመሰገነው በመደቆች የተዘጋው ነው፤ ከሠራዊቱ ትንሹ ንጉሥ ሲያስር።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት፣ ሰሌዳው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ዝም ብሎ አያይም ነበር። ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ያሞግሳል። ሲሸነፍ የዋለ ሰው መጨረሻ ላይ በቆጠራ ሲያመልጥ የነበረውን ጫጫታ መገመት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በዚህ ጨዋታ ብልኃታቸው ይታወቁ ነበር፤ በበገናና በግእዝ ዕውቀታቸው የሚያወድሳቸው ሁሉ ሰንጠረዡንም አብሮ ያነሣዋል።

ሁለት የጥንት አጨራረሶች በዚህ ሕግ ሲታዩ

ከሻትራንጅ ዘመን የተረፉ ሁለት ዝነኛ አቀማመጦች አሉ። አንደኛው የአስ ሱሊ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው ይህ ጌታ በየወገኑ አንድ ንጉሥና አንድ ፈርዝ ብቻ አስቀምጦ፣ ቀዳሚው ያሸንፋል አለ፤ መፍትሔውን ግን ሳያሳይ ሞተ። ከ1,000 ዓመት በላይ ሰው አልፈታውም። የፈታው በ1980ዎቹ የሶቪየት ሊቅ ዩሪ አቨርባክ ነው። ድሉ የሚገኘው የጠላትን ፈርዝ ለቅሞ ንጉሡን ብቻውን በማስቀረት ነው። በእኛ ሕግ ያ ሁሉ ድካም የሚያስገኘው አቻ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዲላራም ይባላል። አንድ ባል ገንዘቡን ሁሉ በውርርድ ከተበላ በኋላ ሚስቱን ዲላራምን አስይዞ ተጫወተ፤ ሊሸነፍ አንድ እርምጃ ሲቀረው እሷ ከበስተጀርባ ሁለቱን ደሮችህን ሰጥተህ እኔን አድነኝ አለችው ይላል አፈ ታሪኩ። አቀማመጡ እውነተኛ ስለሆነ በሰንጠረዥ ሕግ ሊፈተን ይችላል፤ ጠጠሮቹ ሁሉ አካሄዳቸው አንድ ነው። ጠላቱ ንጉሥና ሁለት ደር አለው። ባልየው አንዱን ደር ሠዋ፤ ንጉሡ በላው። ፊሉ በራሱ ፈረስ ላይ ዘሎ ለኋለኛው ደር መንገድ ከፈተ። ጠላት በአንድ ደሩ ሲከላከል ያ ተበላ፤ እንግዲህ ከንጉሡ ጋር የቀረው አንድ ዋና ጠጠር ነው፣ ቆጠራውም እዚህ ይጀመራል። ባልየው ሁለተኛውን ደር ሠዋ፣ መደቁን ገፋ፣ በፈረሱ ዘጋ። የቀረው የጠላት ደር አንዴም ሳይንቀሳቀስ ጨዋታው አለቀ። ሕጉን ሙሉ በሙሉ ያከበረ ድል ነው። ሙያውስ? የመጨረሻውን ምት የሰጠው ፈረስ ነው፣ እሱ አይመሰገንም። ነገር ግን ንጉሡ የሚሸሽባቸውን ቤቶች ይዘው የቆሙት አንድ ፊልና ሁለት መደቆች ናቸው። እኔ ዳኛ ብሆን አወድሰው ነበር።

ቼዝና ሌሎች የጦር ጨዋታዎች

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሰሌዳ ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶች የሚጫወቱት ቼዝ ወይም በቆርኪ የሚደረገውን ዳማ ነው። ቼዝ ልብ የሚሰቅል አጨራረሱን የሚያገኘው ከነጥብ ነው። በ1910 የዓለም ሻምፒዮኑ ኢማኑኤል ላስከር ከካርል ሽሌክተር ጋር ባደረገው የ10 ጨዋታ ግጥሚያ እስከ ዘጠነኛው እየተመራ ቆይቶ አሥረኛውን አሸነፈ፤ 5 ለ 5 ሆኖ ማዕረጉን አስጠበቀ። በ1987 ስፔን ሴቪያ ላይ ካርፖቭ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 12 ለ 11 እየመራ 24ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ካስፓሮቭ ካላሸነፈ ዘውዱን ያጣል። አሸነፈ፣ 12 ለ 12 ሆነ፣ ሻምፒዮን ሆኖ ቀጠለ። በ2024 ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረንና ጉኬሽ እኩል ነጥብ ይዘው 14ኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ጀመሩ፤ አቻ ወደሚመስል ፍጻሜ ሲቃረቡ ዲንግ በ55ኛው እርምጃ ግንቡን የማይሆን ቤት ላይ አስቀመጠ። የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፉት በመሬት ካርታና በዳይ (በሚወረወር የቁጥር ጠጠር) የሚደረጉ የጦር ጨዋታዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፦ እውነተኛ ጦርነት የሚደግሙ ናቸውና አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። መፍትሔያቸው ጊዜ ነው። ጎንደር ራሷ ጥሩ ማስረጃ ናት። በ1941 የጣሊያኑ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ጦር ይዞ እዚህ ተከበበ። የወልቀፊት ምሽግ በሴፕቴምበር ማብቂያ፣ ቁልቋል በር በኖቬምበር 21 ወደቁ፤ እንግሊዞችና አርበኞች ከተማዋን የያዙት በኖቬምበር 27 ነው። ይህን በሰሌዳ የሚደግም ሰው ተከላካዩ እንዲያሸንፍ አይጠብቅም። ከታሪኩ አንድ ተራ በላይ ቁልቋል በርን ከያዘ እንደ ድል ይቆጠርለታል። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻዋ የዳይ ውርወራ ዋጋ ታገኛለች።

ሰንጠረዥን ዛሬ መጫወት

የተለየ ዕቃ አያስፈልግም፤ ተራ የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል። ንግሥቷን እንደ ፈርዝ፣ ቢሾፖቹን እንደ ፊል፣ ወታደሮቹን ሁለት ቤት መዝለል የማይችሉ መደቆች አድርጎ መቁጠር ነው። የቤቶቹን ቀለም መርሳት ይገባል። ወረራው ለለመደ ቼዝ ተጫዋች መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር እንዳይጋጭ ጠጠሮቹን በእርጋታ ማንሳት ይጠቅማል።

ብዙ ቼዝ የተጫወተ ሰው የሚቸገረው መጨረሻው ላይ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ መብላት ለምዷልና። ተቃራኒው ሁለት ዋና ጠጠር ሲቀሩት መቆም፣ የራስን ፊሎች ስምንት ቤት መመርመር፣ ንጉሡ በየት እንደሚታሰር ማየት ያስፈልጋል። መዝጊያው በግልጽ እስኪታይ ድረስ ከሁለቱ አንዱንም አይንኩ። ከነኩ በኋላ ቆጣሪ ያስቀምጡ፤ ቢቻል ከዳር ሆኖ ከሚመለከተው ሰው አንዱ ጮክ ብሎ ይቁጠር።