ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅና እንስሶቿ፦ ስለ ፖፕ ሰርሪያሊዝም የሚነገሩ ስሕተቶች

ፖፕ ሰርሪያሊዝም የካርቱን ዓለምን ከሕልም መሰል ሥዕል ጋር የሚያዋህድ የሥዕል ስልት ነው። በዚህ ስልት የሚታወቀውን የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የማርክ ራይደንን ሥዕል ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር፣ በእንስሳት የተከበበችውን ገርጣ ያለች ትልቅ ዓይን ልጅ አይተው የሚሰነዝሩት አስተያየት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

«በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ይላሉ፤ የዘይት ቀለም ነው። «ሰርሪያሊዝም ነው» የሚሉም አሉ፤ ሕልምንና ድብቅ አእምሮን መነሻው ያደረገውን የቀደመውን የጥበብ እንቅስቃሴ ማለታቸው ነው። የመሥራቹ የአንድሬ ብሬቶን ማኒፌስቶ (የአቋም መግለጫ) ግን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ የወጣ ሲሆን፣ ፖፕ ሰርሪያሊዝም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከሎስ አንጀለስ የካርቱን መጽሔቶችና ከፓንክ ሙዚቃ አካባቢ የበቀለ ነው። እንስሳቱን እንደ ማስዋቢያ ብቻ የሚያዩ ደግሞ፣ ሊዮናርዶ በ1490 ገደማ በቼቺሊያ ጋሌራኒ ክንድ ላይ ያስቀመጣት ኤርሚን የተባለች ነጭ አውሬ የወዳጇ የመስፍን ሉዶቪኮ ስፎርዛ ምልክት እንደነበረች ይወቁ።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «ሠዓሊው ልክ መጠበቅ ስላቃተው ዓይኑን አተለቀው» የሚለው ነው። ራይደን በ1987 በፓሳዴና ከሚገኘው የአርት ሴንተር ኮሌጅ ተመርቆ፣ በ1991 ለወጣው የማይክል ጃክሰን አልበም ሽፋን የሳላቸው የዘፋኙ ዓይኖች ልካቸውን የጠበቁ ናቸው፤ የልጃገረዶቹን ዓይን ያተለቀው ፈልጎ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ሰፋፊ ዓይኖች፣ ኃጥአን በጎን በአንድ ዓይን ተስለው እያየ ያደገ ሰው ይህን መጠየቁ በእውነት ይገርመኛል። ማንም የሚሠራው ቀላል ነገር ነው ለሚሉም፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸውን ልጆች በመሳል የታወቀችው አሜሪካዊት ሠዓሊ ማርጋሬት ኪን በ1986 ሆኖሉሉ ውስጥ በፍርድ ቤት ትልቅ ዓይን ያለው ልጅ በ53 ደቂቃ ስትስል፣ ሥዕሎቿን የእኔ ናቸው ሲል የኖረው የቀድሞ ባሏ ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ሳይስል መቅረቱን አስታውሳለሁ።

አንዲት ተማሪዬ የአጋዘን ግልገል ያቀፈች ልጅ ስላ ስታመጣ ዓይኖቹ የተለጠፉ መስለው ነበር፤ ምክንያቱም ከሥራቸው የራስ ቅል አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቱን በትክክለኛ ልኩ ንደፉ፤ ዓይኑን የምታሰፉት የዓይን ጉድጓዱንና ጉንጩን አብራችሁ በማንቀሳቀስ ነው። ቀለሙን በስሱ ደራርቡ፣ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን አትጨምሩ፣ ዘይት የበዛበትን ንብርብር ወደ ላይ አድርጉ። የእንስሳውን ፀጉር አንድ በአንድ ከመሳል በፊት ጥላና ብርሃኑን በጅምላ ያዙ፤ ብርሃኑ ለልጅቷ ከግራ፣ ለግልገሉ ከቀኝ የሚመጣ ከሆነ በአንድ ሸራ ላይ የተለጣጠፉ ሁለት ሥዕሎች ይሆኑባችኋል።