የሙጋል መንግሥት፦ ጉልቱ እስኪያልቅ

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙጋል መንግሥት መሥራች ባቡር በ1526 ፓኒፓት ላይ የዴልሂውን ሱልጣን ኢብራሂም ሎዲን ድል አድርጎ ሰሜን ህንድን ያዘ። ድሉን ወደ ጸና መንግሥት የለወጠው ግን የልጅ ልጁ አክባር (1556–1605) ነው። አክባር ከሁሉ አስቀድሞ የፈታው ጥያቄ ሠራዊቱ በምን ይከፈላል የሚለውን ነበር።

እያንዳንዱ ሹም መንሰብ የሚባል በቁጥር የሚነገር ማዕረግ ነበረው። ከ10 ይጀምራል፤ ከ5000 በላይ ያለው በአብዛኛው ለንጉሡ ልጆች የተጠበቀ ነበር። በኋላ ቁጥሩ ሁለት ሆነ፦ ዛት የሹሙን ደረጃና የግል ደመወዝ፣ ሰዋር ደግሞ የሚያቀርበውን ፈረሰኛ ብዛት ይወስናል። በደንቡ 10 ፈረሰኛ 20 ፈረስ ይዞ ይሰለፋል። በሰልፍ ቀን ፈረስ ተውሶ የሚመጣ ስለበዛ ፈረሱ በጋለ ብረት ምልክት ይደረግበት፣ የሰውየውም መልክ በመዝገብ ይጻፍ ጀመር።

ደመወዙ በጥሬ ገንዘብም ይከፈል ነበር፤ ይበልጡን ግን በጃጊር። ጃጊር በእኛ አነጋገር ጉልት ነው፤ ሹሙ የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን ግብሩን ነው። ሥር እንዳይሰድም በየሦስት አራት ዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል። ራጅፑት የሚባሉት የሂንዱ መሳፍንት የአባቶቻቸውን አገር እንደ ርስተ ጉልት ስለያዙ ይህ አይነካቸውም ነበር። የግብሩን ልክ ያወጣው የገንዘብ ሹሙ ቶዳር ማል ነው፤ በ1580 የ10 ዓመት ምርትና ዋጋ አማክሎ ሲሶውን በገንዘብ አስከፈለ።

ችግሩ የመጣው በመዝገብ የተገመተው ግብር (ጀማ) በእጅ ከሚገባው (ሃሲል) እየራቀ ሲሄድ ነው። የአክባር የልጅ ልጅ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ግምቱን ከማረም ይልቅ ግዴታውን ቀነሰ፤ ጃጊሩ ካለበት ግዛት የሚያገለግል ሹም የሰዋሩን ሲሶ፣ ከዚያ ውጭ የሚዘምት ሩቡን ብቻ እንዲያቀርብ ፈቀደ። 3000 ሰዋር የተባለው 1000 ፈረሰኛ ሆነ ማለት ነው።

መንግሥቱን ያደከመው ደካን የሚባለው የደቡቡ የህንድ አምባ ነው። እዚያ ከኢትዮጵያ በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ እስከ ሞተበት 1626 ድረስ ሙጋሎችን መከተ። ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ማራታ በሚባሉት የአገሩ ተዋጊዎች ቀላል ፈረሰኞች ስንቃቸውን ይቆርጥ ነበር። የአክባር ልጅ ንጉሥ ጃሃንጊር በአምባር የተቆረጠ ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል፤ ራሱን ግን ከሥዕል ውጭ አላገኘውም። አምባር በ1610 የቆረቆራት ኻድኪ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ስሟን ያገኘችበት የሻህ ጃሃን ልጅ ንጉሥ አውራንግዜብም በ1681 ወደ ደካን ወርዶ ሳይመለስ በ1707 ሞተ፤ መቃብሩ ከአምባር መቃብር ጋር እዚያው ኹልዳባድ ውስጥ ይገኛል።

የደካን ሱልጣኔቶች ቢጃፑር በ1686፣ ጎልኮንዳ በ1687 ሲያዙ የከዱ መኳንንትና የማራታ አለቆች መንሰብ ተሰጣቸው። ለእነርሱ የሚሆን ጃጊር ግን አልተገኘም፤ ማራታዎች የሚዘርፉት መሬት ግብር አያስገባም፣ ደህናውን ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ለራሱ አስቀርቷል። ሹመት ይዞ ጃጊር የሚጠብቀው በዛ። ያገኘውም ነገ እንደሚዛወር ስለሚያውቅ ገበሬውን አራቆተ፤ ገበሬው ሸሸ ወይም ከአገሩ ባለርስት ጋር ሸፈተ። ውድቀቱን ሙስሊም ባልሆኑት ላይ በሚጣለው፣ በ1679 በተመለሰው የጂዝያ ግብር ብቻ ማስረዳት አያጠግብም፤ በአውራንግዜብ ዘመን መጨረሻ የሂንዱ መኳንንት ድርሻ ከአክባር ጊዜ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤንጋል፣ የአዋድና የሃይደራባድ ገዢዎች ግብሩን ለራሳቸው ያስቀሩ ጀመር። በ1739 የፋርስ ንጉሥ ናዲር ሻህ ዴልሂን ዘርፎ የጣዎስ ዙፋኑን ወሰደ። በ1765 የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተረከበ፤ ንጉሡም ከኩባንያው ተቆራጭ እየተቀበለ ይኖር ጀመር።