በአሜሪካ ፉትቦል የመጨረሻ ደቂቃዎች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፉትቦል ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ) አሰልጣኝ በብዛት የሚወቀሰው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች በወሰነው ውሳኔ ነው። ወቀሳው ግን አዘውትሮ ቦታውን ይስታል። ለማስታወስ ያህል፦ ኳስ የያዘ ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ማድረስ) 6 ነጥብ፣ ፊልድ ጎል (ኳሱን በምሰሶዎቹ መሃል መምታት) 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን በየግማሹ ሦስት ታይምአውት (ሰዓት የማስቆም መብት) ይሰጠዋል።

«በ14 ነጥብ እየተመራ ታችዳውን ያስቆጠረ ቡድን 1 ነጥቧን መትቶ ይውሰድ»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ከታችዳውን በኋላ ኳሱን በምሰሶዎቹ መሃል መትቶ 1 ነጥብ መውሰድ፣ ወይም ከ2 ያርድ ላይ አንድ ጊዜ ተጫውቶ 2 ነጥብ መሞከር ይቻላል። ምቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኋላ ከተገፋ ወዲህ ከ100 ውስጥ 94 ያህሉ ይገባል፤ የ2 ነጥቡ ሙከራ ወደ 48 ገደማ ይሳካል።

ቡድኑ ሁለት ታችዳውን ያስቆጥራል፣ ተጋጣሚው ምንም አይጨምርም እንበል፤ ይህ ካልሆነማ የሚሰላ ነገር የለም። ሁለቱንም ጊዜ ከመታ በአብዛኛው እኩል ይወጣና ጭማሪ ሰዓት ይገባል፤ እዚያ ዕድሉ እኩል ስለሆነ የማሸነፍ ተስፋው ከ100 ውስጥ 45 ገደማ ነው። በመጀመሪያው ታችዳውን ላይ 2 ነጥብ ከሞከረና ከተሳካለት ልዩነቱ 6 ይሆናል፤ ቀጣዩ ታችዳውንና አንዲት ምት ያለ ጭማሪ ሰዓት ያሸንፉለታል። ካልተሳካለትም ልዩነቱ 8 ነው፤ በሁለተኛው ላይ 2 ነጥብ ሞክሮ እኩል መሆን ይችላል። ሲደማመር የማሸነፍ ተስፋው ከ100 ውስጥ 59 ገደማ ይደርሳል። ሙከራው ወደ ኋላ የማይተወውም ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የከሸፈ ማካካሻ አለው፣ መጨረሻ ላይ የከሸፈ ግን የለውም።

«ሲያትል 1 ያርድ ቀርቶት ኳስ መወርወሩ እብደት ነበር»

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ)። ሲያትል 28 ለ 24 እየተመራ፣ ሁለተኛ ሙከራ፣ 26 ሰከንድና አንድ ታይምአውት ቀርቶታል። የሲያትል ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ) ራስል ዊልሰን የወረወረውን ኳስ የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር ጠለፈው። «ለሯጩ ማርሾን ሊንች ሰጥቶ አያስሮጥም ነበር?» የሚለው ጩኸት እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገር ግን ሯጭ ሲያዝ ሰዓቱ አይቆምም፤ ሳይያዝ የወደቀ ውርወራ ግን ሰዓቱን ያቆማል። በሁለተኛው ላይ ሮጠው ቢያዙ ታይምአውታቸው ይሄዳል፣ በሦስተኛው ላይ መወርወር እንዳለባቸው ደግሞ ተከላካዩ ያውቃል። ሦስቱንም ሙከራ ለመጠቀም አንዱ ውርወራ መሆን ነበረበት። መተቸት ያለበት የውርወራው ዓይነት ነው፦ ሰው ወደሚጨናነቅበት መሃል ከመሆን ወደ ዳር ቢሆን የመጠለፍ ዕድሉ ባነሰ።

«በራስ ሜዳ በአራተኛ ሙከራ መጫወት ቁማር ነው»

ኖቬምበር 15 ቀን 2009 የኒው ኢንግላንዱ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ኢንዲያናፖሊስን 34 ለ 28 እየመራ፣ 2፡08 ደቂቃ ቀርቶ፣ በራሱ 28 ያርድ ላይ በአራተኛ ሙከራ 2 ያርድ ይፈልግ ነበር፤ ተጫውቶ ካልተሳካለት ተጋጣሚው ኳሱን እዚያው ይረከባል። ኳሱን አርቆ መትቶ ለኢንዲያናፖሊሱ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ ማስረከብም አደጋ ነበረው። 2 ያርዷ ብትገኝ ጨዋታው አለቀ ማለት ነበር። የኒው ኢንግላንዱ ኬቪን ፎክ ጥቂት ቀርቶት ተያዘ፤ ኢንዲያናፖሊስ 35 ለ 34 አሸነፈ። በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት ታይምአውቶቹን ቀድሞ መጨረስ ነው፤ አንድ ቢተርፍለት የዳኞቹን ልኬት መቃወም ይችል ነበር።

«ማስቆጠር ከተቻለ ይቆጠር»

ሁልጊዜ አይደለም። ኦክቶበር 25 ቀን 2020 አትላንታ በዲትሮይት 16 ለ 14 ይመራ ነበር። የአትላንታው ሯጭ ቶድ ገርሊ ከመስመሩ በፊት ሊወድቅ ቢሞክርም ሳይሳካለት ታችዳውን ሆነ፤ ሰዓቱ ላይ 1፡04 ቀረ። አትላንታ 22 ለ 16 ቢመራም ዲትሮይት በመጨረሻዋ ጨዋታ አስቆጥሮ፣ ምቱንም ጨምሮ 23 ለ 22 አሸነፈ። ገርሊ ቢወድቅ ሰዓቱን አሟጦ ቅርብ ፊልድ ጎል መምታት ይቻል ነበር።

የፊላዴልፊያው ሯጭ ብራያን ዌስትብሩክ በ2007 ቡድኑ ዳላስን 10 ለ 6 እየመራ 1 ያርድ ሲቀረው ሆን ብሎ ተኛ። ዳላስ ታይምአውት አልነበረውም፤ ኳርተርባኩ እየተንበረከከ ሰዓቱን ጨረሰ። አንድ መንበርከክ ወደ 40 ሰከንድ ስለሚበላ፣ ታይምአውት በሌለው ተጋጣሚ ላይ ሁለት ደቂቃ ለመጨረስ ሦስቱ ይበቃሉ።

«ከኋላ ያለ ቡድን አጭር ምት ይምታ»

ቡድን ካስቆጠረ በኋላ ኳሱን ለተጋጣሚው መትቶ ያስረክባል፤ ያኔ ኳሱን በአጭር መትቶ ራስ መልሶ መያዝ ዛሬ ከአሥሩ አንዱ ከተሳካ ብዙ ነው፤ በ2018 የመቺው ቡድን ተጫዋቾች ተንደርድረው እንዳይነሱ ከተከለከለ ወዲህ ከበደ። ከሁለት ደቂቃ በላይና ሦስት ታይምአውት ያለው ቡድን አርቆ ቢመታ ይሻለዋል፦ ተጋጣሚው ሦስት ጊዜ ቢሮጥ ሦስቱን በታይምአውት ያስቆማል፣ የሁለት ደቂቃው ማስጠንቀቂያም (ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሰዓቱ በራሱ የሚቆምበት) አንድ ተጨማሪ ማቆሚያ ይሰጠዋል።