የምርምር ዳታ ሪፖዚተሪ ምንድን ነው?

«ዳታው ሪፖዚተሪ ላይ ይገኛል» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሊንኩን ስከፍት የጉግል ድራይቭ ፎልደር፣ ያውም «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል፣ ማግኘት ሰልችቶኛል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ኢንተርኔት ላይ እስካለ ድረስ ምን ለውጥ አለው?» ብለዋል። ብዙ ለውጥ አለው።

ሪፖዚተሪን፣ ማለትም የምርምር ዳታ በቋሚነት የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ማከማቻ፣ እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያስቡት፤ ድራይቭ የሠራተኛው የግል መሳቢያ ነው። መሳቢያው ባለቤቱ ሲለቅ ይቆለፋል። የመዝገብ ቤት ፋይል ግን ኃላፊው ቢቀየሩ፣ ሕንፃው ቢዛወርም በቁጥሩ ይገኛል፤ የዲ.ኦ.አይ (ለዳታው የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ሥራ ይኸው ነው። ስህተት ሲታረም አሮጌው ገጽ አይቀደድም፣ አዲሱ ይያያዛል፤ ዜኖዶ የተባለው ሪፖዚተሪ ለየእትሙ የተለየ ዲ.ኦ.አይ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ምስጢራዊ ፋይልም ቢሆን መኖሩ ተመዝግቦ ይታያል፣ የሚከፍተው ግን የተፈቀደለት ብቻ ነው። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብም ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ያጠፋዋል።

ምርጫው ከዘርፉ ይጀምራል እንጂ ከነፃ ቦታው ስፋት አይደለም። የዲ.ኤን.ኤ ቅደም ተከተል ጂንባንክ፣ የፕሮቲን መዋቅር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሠራው ፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ምልከታ ጂቢፍ ይገባል። የዘርፉ ባለሙያ የሚፈልገው እዚያ ነው። ዘርፉ የራሱ ቤት ከሌለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ዜኖዶ አለ። ሪ3ዳታ የሚባለው የሪፖዚተሪዎች ማውጫም በዘርፍ ለይቶ ያሳያል።

እኔ የምሠራው በቤተሰብ ጥናት ላይ ስለሆነ ይህን ሳልል አላልፍም፦ «ስም ሰርዣለሁ» ማለት ማንነት ደብቄያለሁ ማለት አይደለም። ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ የልጆች ብዛትና የጂፒኤስ ነጥብ ሲደመሩ የሰውየውን በር ያሳያሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ነጥቦቹን በከተማ እስከ 2፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር (ከገጠሮቹ 1 በመቶውን እስከ 10) የሚያንሸራትቱት ለዚህ ነው፤ ዳታውንም የሚሰጡት ተመዝግቦ ዓላማውን ለገለጸ ነው። ሌሎች ዳታውን እንዲጠቀሙበት የሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዳታ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ሪፖዚተሪ ተደራሽነትን መገደብ ይችላል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ የስምምነት ቅጹን ያውጣ፤ መላሾቹ መልሳቸው ለሌሎች ተመራማሪዎች እንደሚጋራ ካልተነገራቸው የትኛውም ሪፖዚተሪ ያንን አያስተካክልለትም።