ራንዳውን ምንድን ነው?

ዜና አንባቢ ከፊቱ ያለውን ወረቀት ሲያገላብጥ አይታችሁ ይሆናል። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች የማያየው ሌላ ወረቀት አለ። ከዳይሬክተሩ እስከ ድምፅ ባለሙያው ድረስ ማንም ዓይኑን ከእሱ ላይ አይነቅልም። ስሙ ራንዳውን ነው።

ራንዳውን የአንድ ዜና እወጃ ቅደም ተከተል የሰፈረበት ሰንጠረዥ ነው። የቱ ዜና እንደሚቀድም፣ የቱ እንደሚከተል፣ በምን መልክና ለስንት ሰከንድ እንደሚቀርብ ያሳያል። ዱሮ በወረቀት ተባዝቶ ይታደል ነበር። አሁን በአብዛኛው በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ኢኤንፒኤስና የአቪዱ አይኒውስ ለዚሁ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ናቸው። አርታኢው አንዱን ዜና ወደ ላይ ሲጎትተው በሁሉም ሰው ስክሪን ላይ እኩል ይንቀሳቀሳል።

አንዱ ረድፍ አንድ ዜና ነው። ተራ ቁጥር አለው። ቀጥሎ በሙያው ስላግ የሚባለው አጭር መጠሪያ ይመጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ። ከዚያ ዜናው የሚቀርብበት መልክ ይጻፋል። አንባቢው ብቻውን ያነበዋል? ምስል እየታየ ከሥር ያነበዋል? ወይስ ዘጋቢ የራሱን ድምፅና ቃለ መጠይቅ አቀናብሮ የጨረሰው ፓኬጅ ነው? እንግዳ ካለም እዚሁ ይታያል። መጨረሻ ላይ ርዝመቱ በደቂቃና በሰከንድ፣ ከጎኑም ድምሩ ይቀመጣል።

ጊዜው የሚቆጠረው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከኋላም ይቆጠራል። እወጃው 30 ደቂቃ ነው እንበል። መሰናበቻው 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ 29:40 ላይ መጀመር አለበት። ከእሱ በፊት የ3 ደቂቃ ስፖርት ካለ ደግሞ ስፖርቱ 26:40 ላይ ይገባል። ስለዚህ አዘጋጁ በየትኛውም ሰከንድ ላይ ስንት እንደተረፈው ወይም ስንት እንዳለፈበት ያውቃል። ባክታይሚንግ የሚሉት ይህንን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሶፍትዌሮቹ የጽሑፉን ርዝመት የሚገምቱት በአንባቢው ፍጥነትና በቃላት ብዛት ነው። ለእንግሊዝኛ በሰከንድ 3 ቃል ገደማ የተለመደ ስሌት ነው። ይህን ቁጥር ለአማርኛ እንዳለ ብትወስዱት ጉድ ይሠራችኋል። «አልነገርናቸውም» እኮ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አራት ቃል ይፈልጋል። ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ከማንበብ የተሻለ መላ የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የቴክኒክ ወሬ ይመስላል። ራንዳውን ውስጥ ያለው ፍርድ የሚታየው ከባድ ርዕስ ሲገባበት ነው። ለምሳሌ በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርት 7 ደቂቃ ተሰጥቷችሁ አቅዱ ብትባሉስ?

ችግሩ ከስላጉ ይጀምራል። «የሃይማኖት ትምህርት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ግን የቱን? አማርኛችን በአንድ ሐረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ልጁን በአንድ እምነት ማነጽ ነው፤ ጸሎቱን፣ ሥርዓቱን፣ ዶግማውን ማስተማር። ሁለተኛው ስለ ሃይማኖቶች ማስተማር ነው፤ ማን ምን ያምናል፣ ታሪኩ እንዴት ነው የሚለውን፣ ልክ እንደ ጂኦግራፊ። አንዱ እንግዳ ስለ መጀመሪያው ሲቆጣ ሌላው ስለ ሁለተኛው እየተሟገተ 7 ደቂቃው ያልቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሕጎች የቆሙበት መስመር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን እንደ አምልኮ ማንበብን ከልክሏል። በዚያው ውሳኔ ሃይማኖትን በገለልተኛነት፣ እንደ ዕውቀት ማጥናት ግን ክልክል አይደለም ብሏል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም በ1993 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 22 ተመሳሳይ መስመር አስምሯል። በጀርመን ግን በ1949ኙ ሕገ መንግሥት መሠረት የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት መደበኛ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ልጁ ይማር አይማር የሚወስኑት ወላጆች ናቸው። ፈረንሳይ በ1882 ከመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አውጥታዋለች። እንግሊዝ ውስጥ ትምህርቱ የግድ ይሰጣል፤ ወላጅ ግን ልጁን ማስቀረት ይችላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ 7 ደቂቃዋን እንደልድል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋት ነበር። የአንባቢው መግቢያ 25 ሰከንድ። የሁለቱን ትርጉም ልዩነትና የሦስት አገሮችን አሠራር የሚያሳይ ግራፊክስ 40 ሰከንድ። ከዚያ የዘጋቢው ፓኬጅ፣ 2 ደቂቃ ተኩል። የስቱዲዮ እንግዶች 3 ደቂቃ። መውጫ 25 ሰከንድ። ደምሩት፣ ልክ 7 ደቂቃ ይመጣል።

ብዙ አዘጋጆች ግራፊክሱን ከፓኬጁ በኋላ ያደርጉታል፤ ደረቅ ነው ብለው። እውነትም ደረቅ ነው። ግን ተመልካቹ ስለምን እየተወራ እንደሆነ ሳያውቅ የተናደደ ወላጅ ቢያይ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ለዚያ ወላጅ የተሰጠ መልስ ይመስለዋል። መጀመሪያ የተናገረ ሰው ጥያቄውን ይይዛል። መጨረሻ የተናገረ ደግሞ ፍርዱን የሰጠ ይመስላል። ሁለቱን ቦታዎች ለአንድ ወገን ከሰጣችሁ፣ መሀሉን በሰከንድ እኩል ብታካፍሉትም ሚዛኑን አልጠበቃችሁም።

እንግዳ መረጣ ላይ የለመድነው ነገር አለ። የሃይማኖት አባት ከዚህ፣ የሃይማኖት አባት ከዚያ፣ መሀል ላይ የሕግ ባለሙያ። መምህሩስ የት ሄደ? ክፍል ገብቶ «አንተ የየትኛው እምነት ነህ?» የሚል ጥያቄ ከልጅ አፍ የሚሰማው እሱ ነው። ተማሪውስ? ምንም ዓይነት እምነት የሌለው ቤተሰብስ? 3 ደቂቃ ለአራት ሰው አትበቃም፤ ሁለት ሰው በቂ ነው። ከሁለቱ አንዱ መምህር ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌሎቹ በፓኬጁ ውስጥ ይናገራሉ።

ምስል የሚለው ዓምድም ቀላል አይደለም። ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የሚያሳይ ምስል ያማልላል። ግን ዘገባው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ትምህርት ከሆነ ያ ምስል ዋሽቷል። የልጆች ፊት ከታየ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የልጁ እምነት አብሮ በአደባባይ ስለሚወጣ። እጅ፣ ደብተር፣ ሰሌዳ፣ ከኋላ የተቀረጸ ክፍል አብዛኛውን ሥራ ይሠሩላችኋል። ይህ ሁሉ ከቀረጻ በፊት ራንዳውኑ ላይ ቢጻፍ ካሜራማኑ ምን ይዞ እንደሚመለስ ያውቃል።

ራንዳውን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ ይለወጣል። ድንገተኛ ዜና ይገባል፤ እንግዳ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አዘጋጁ ከወዲሁ የሚታጠፈውን ምልክት ያደርግበታል። በእኛ ምሳሌ 40 ሰከንድ ቆርጠህ ስጠኝ ቢባል መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ግራፊክሱ ነው፤ ማንም ስልክ ደውሎ ስለማይጮህለት። እኔ ከስቱዲዮ ውይይቱ ላይ እቀንሳለሁ፤ 3 ደቂቃው 2:20 ይሆናል። የግራፊክሱ ረድፍ ላይ «አይነካም» ብዬ በቀይ እጽፍበታለሁ።