«ዓሣ ውኃ ሲጠጣ ማን ያየዋል?»

«በውኃ ውስጥ የሚመላለስ ዓሣ ውኃ ሲጠጣ እንደማይታወቅ፣ በሥራ ላይ የተሾመም ሰው ገንዘብ ሲወስድ አይታወቅም።»

አባባሉ የሕንድ ነው። የተወሰደው «አርታሻስትራ» ከተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት የአስተዳደር መጽሐፍ ሲሆን፣ ደራሲው ካውቲልያ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የማውርያን መንግሥት የመሠረተው የቻንድራጉፕታ አማካሪ ማለት ነው። መጽሐፉ የዛሬ መልኩን የያዘው ዘግይቶ ነው የሚሉ ሊቃውንት ግን ብዙ ናቸው።

ትርጉሙ ረቂቅ አይደለም። ዓሣው የሚኖረው በሚጠጣው ነገር ውስጥ ነው። የግምጃ ቤት ሹምም ቀኑን ሙሉ የሚነካካው ገንዘብ ነውና የትኛው ንክኪ ሥራ፣ የትኛው ስርቆት እንደሆነ ዳር ቆሞ ለሚያይ አይለይም። እዚያው አጠገብ «ምላስ ላይ ያረፈ ማር ወይም መርዝ ሳይቀመስ አይቀርም» የሚል ወንድሙ አለ። እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ ልዩነቱ የእኛው በተሿሚው አፍ መነገሩ፣ የእነሱ ግን በሿሚው አፍ መሆኑ ነው።

ሿሚው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የዓሣውን ጉሮሮ ማየት ካልተቻለ ኩሬውን መለካት ይቻላል። ግብር ሰብሳቢው ሹም ሌላ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ አለቆች ይኑሩት፣ አንዳቸውም በወንበሩ ላይ አይክረሙ ይላል መጽሐፉ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በአሻዳ ወር፣ በእኛ ሰኔና ሐምሌ ግድም ነው። ያን ጊዜ የየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ያዦች የታሸገ መዝገባቸውንና ተራፊውን ገንዘብ ይዘው ወደ ሒሳብ መርማሪው ቤት ይመጣሉ፤ ምርመራው እስኪጀመር አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይነጋገር ተከልክሎ ይቀመጣል። ቃል መገጣጠም የት ላይ እንደሚጀምር የሚያውቅ ሰው የጻፈው ደንብ ነው።

መጽሐፉ የመንግሥት ገንዘብ የሚበላባቸውን 40 መንገዶች ይዘረዝራል። ቀድሞ የገባውን ዘግይቶ መመዝገብ፣ የተሰበሰበውን «አልተሰበሰበም» ብሎ መጻፍ፣ ለአንዱ የተሰጠውን በሌላው ስም ማስፈር፣ ሚዛንና መስፈሪያ ማዛባት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩን ለአንድ ኦዲተር ብታነቡለት ፈገግ ይላል።

ስርቆቱን ጠቁሞ ያስረዳ ሰው ከተገኘው ገንዘብ አንድ ስድስተኛው ይሰጠዋል። ጠቋሚው ተቀጣሪ ከሆነ ግን ድርሻው አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው። ሳስበው፣ እሱም ከዚያው ኩሬ የወጣ ስለሆነ ይመስለኛል።